ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የሊኑክስ ዴስክቶፕ ከምን ከምን እንደተሠራ

ጅማ ውስጥ ኮምፒውተር አስቸገረ ሲባል ቀድሞ የሚመጣው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» የሚል ነው። ከመርካቶ ጀምሮ እስከ ዩኒቨርሲቲው በር ድረስ ባሉት የጽሕፈትና የኮፒ ቤቶች ይህ ምክር ግማሽ ቀን ሥራ ያስፈታል፤ አንዳንዴም የደንበኛ ፋይል ይዞ ይሄዳል። በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የተጫነባቸው ማሽኖች ላይም ልማዱ አብሮ ገብቷል። እዚያ ግን ፎርማት የሚያስፈልግበት ጊዜ በጣም ጥቂት ነው። የሊኑክስ ዴስክቶፕ አንድ ወጥ ሶፍትዌር አይደለም፤ የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ክፍሎች ተገጣጥመው ነው ዴስክቶፕ የሚሆኑት። ስለዚህ የተበላሸውን ብቻ ለይቶ መጠገን ወይም በሌላ መተካት ይቻላል። ለዚያ ግን ክፍሎቹን በስማቸውና በሥራቸው ማወቅ ግድ ነው።

ጉዳዩ አሁን ይበልጥ አንገብጋቢ ሆኗል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕና ከሞላ ጎደል አዲስ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። በየኮፒ ቤቱ 2 እና 4 ጊጋ ራም ይዘው ሌት ተቀን የሚያትሙት ዴስክቶፖች ይህን አያሟሉም። ማሽኖቹ ግን ጤነኞች ናቸው፤ ገና ብዙ ያገለግላሉ፤ ቢጣሉ ያሳዝናል።

ከታች ወደ ላይ

ስክሪን ካርዱን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን በቀጥታ የሚያዘው የሲስተሙ እምብርት፣ ከርነሉ ነው። በእሱ ላይ ኤክስ የሚባለው የመስኮት ሰርቨር ይቀመጣል። ኤክስ እ.ኤ.አ. በ1984 ኤምአይቲ ውስጥ ተጀመረ፤ 11ኛው ስሪት በ1987 ወጣ፤ ዛሬም «ኤክስ11» ስንል ያንኑ ፕሮቶኮል ማለታችን ነው። ሥራው ጠባብ ነው። ፕሮግራሞች ሳልልን ያሉትን ይስላል፤ ቁልፍ ሲመታ ወይም ማውስ ሲነካ ለሚመለከተው መስኮት ያደርሳል። መስኮቱ አናት ላይ ስለሚጻፈው ስም፣ ስለ መዝጊያው ምልክት፣ ጎትቶ ስለማንቀሳቀስ ምንም አያውቅም። ያ የዊንዶው ማናጀር ሥራ ነው። ኦፕንቦክስ፣ አይስደብሊውኤም፣ አይ3 እነዚህ ሁሉ ዊንዶው ማናጀሮች ናቸው። ከዚያ ወዲያ ያሉት ተራ ፕሮግራሞች ናቸው፦ ቲንት2 ፓነል ይሆናል፤ ፒሲማንኤፍኤም ፋይል ያሳያል፤ ፒኮም ጥላና ግልጽነት ይጨምራል፤ አይባስ አማርኛ ያስጽፋል።

ይህን ያወቀ ሰው የችግሩን ምልክት አይቶ የት እንዳለ ይናገራል። የመስኮቶቹ አናት በድንገት ጠፍቶ፣ መስኮት አልንቀሳቀስ ብሎ፣ ውስጡ መጻፍ ግን የሚቻል ከሆነ የወደቀው ዊንዶው ማናጀሩ ነው፤ ሰነዱ ደኅና ነው፤ መጀመሪያ ሴቭ አድርጉ። ከዚያ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ተጭናችሁ ወደ ጽሑፍ ኮንሶል (ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ ወደሚሰጥበት ገጽ) ውጡና በራሳችሁ ስም ግቡ፤ ዲስፕሌይ የሚባለውን ተለዋዋጭ (ፕሮግራሞች ሲከፈቱ የሚያነቡትን ቅንብር) «:0» አድርጋችሁ ዊንዶው ማናጀሩን እንደገና አስነሡት፤ ከዚያ ወደ ዴስክቶፑ ተመለሱ፤ ብዙ ጊዜ በኤፍ7 ወይም በኤፍ1 ነው። የጠፋው ታችኛው ባር ብቻ ከሆነ የሞተው ፓነሉ ነው፤ ከተርሚናል (ትእዛዝ ከሚጻፍበት መስኮት) ቲንት2 ብሎ ማስነሣት ይበቃል። ሁሉም ነገር ብልጭ ብሎ ጠፍቶ የይለፍ ቃል መጠየቂያው ገጽ ከመጣ ግን ብዙ ጊዜ የወደቀው ራሱ ኤክስ ነው፤ ያኔ ክፍት የነበሩት ፕሮግራሞች ሁሉ አብረው ይዘጋሉ።

የትኛውን ልጫን

ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ኦፕንቦክስ ወይም አይስደብሊውኤም ብቻውን ሲጫን፣ ማሽኑ ገና እንደተከፈተ ከ200 እስከ 300 ሜጋባይት ራም አካባቢ ይይዛል። ክፍሎቹን ሁሉ አሟልተው ከሚመጡት ዴስክቶፖች ኤክስኤፍሲኢ ከ500 እስከ 700 ድረስ ይሄዳል፤ ግኖም ብዙውን ጊዜ ከ1 ጊጋ ያልፋል። ከማሽን ማሽን ከፍ ዝቅ ይላል። ይህን ቁጥር ግን ማምለክ አይገባም። ጥቂት ገጾች የተከፈቱበት ብራውዘር ብቻውን 1 ጊጋና ከዚያ በላይ ይበላል። ልዩነቱ በደንብ የሚታየው 2 ጊጋ ራም ባለው ማሽን ላይ ነው፤ እዚያ የተረፈችው 400 ሜጋባይት ሊብሬኦፊስና ብራውዘር አብረው እንዲከፈቱ ታደርጋለች። ዜድራም የተባለውን፣ የራምን ይዘት ጨምቆ የሚያስቀምጠውን መሣሪያ ጨምሩበት፤ ዴቢያን ላይ ዜድራም-ቱልስ በሚባል ፓኬጅ ይገኛል።

ለ2 ጊጋ አይስደብሊውኤም፣ ለ4 ጊጋ ኤክስኤፍሲኢ እላለሁ። አይስደብሊውኤም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። ሜኑውንም፣ የታችኛውን ባርም፣ ሰዓቱንም በአንድ ፕሮግራም ይዞ ስለሚመጣ ከዊንዶውስ የመጣ ጸሐፊ ሳይደናገር ይቀመጥበታል። አይ3 ለፕሮግራመር ድንቅ መሣሪያ ነው፤ መስኮቶቹን ራሱ እየደረደረ ስክሪኑን ይሞላል። ደንበኛ ተሰልፎ እየጠበቃት ደብዳቤ የምትጽፍ ልጅ ፊት ግን እሱን ማስቀመጥ ግፍ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ፕሮሰሰሩን እዩ። ኤልኤስሲፒዩ የሚለው ትእዛዝ 64 ቢት ይቀበል አይቀበል ይነግራችኋል። ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ማሽን መጫኛ የለውም፤ እንዲህ ላለው ማሽን ያለው ምርጫ ዴቢያን 12 ነው። በትንሿ የኔትወርክ መጫኛ ስትጭኑ ሶፍትዌር ምረጡ የሚለው ገጽ ላይ የዴስክቶፑን ምልክት አንሱት። ሲስተሙ ባዶውን ከተነሣ በኋላ ኤክስ ዶት ኦርግን፣ አይስደብሊውኤምን፣ የመግቢያውን ገጽ የሚያሳየውን ላይትዲኤምንና ፒሲማንኤፍኤምን ጨምሩ። ዳታ ለመቆጠብ «የሚመከሩትን አትጫን» የሚለውን አማራጭ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጂቪኤፍኤስና ዩዲስክስ2 ሳይገቡ ይቀሩና ፍላሽ ሲሰካ ፒሲማንኤፍኤም ላይ አይታይም። ኮፒ ቤት ያለ ፍላሽ ምን ይሠራል? ሁለቱን በስማቸው ጠርታችሁ ጫኑ። ፍላሹ ታይቶ «አልተፈቀደልህም» የሚል መልእክት ከመጣ የጎደለው ፈቃድ የሚጠይቀው የፖልኪት ኤጀንት ነው፤ ኤልኤክስፖልኪት ትንሽና በቂ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ። ኦፕንቦክስ ሲነሣ አብረውት የሚነሡት ፕሮግራሞች ኦቶስታርት በሚባል ፋይል ውስጥ ይጻፋሉ፤ ፋይሉም መስመር በመስመር ከላይ ወደ ታች ይነበባል። አንድ መስመር ላይ ቲንት2 ብላችሁ ጽፋችሁ መጨረሻው ላይ የ«&» ምልክት ካላደረጋችሁ ፓነሉ ይከፈታል፤ እሱ እስኪዘጋ ድረስ ግን ቀጣዩ መስመር አይነበብም። ፓነል ደግሞ ቀኑን ሙሉ አይዘጋም። ስለዚህ ከሥሩ የተጻፈው አይባስ ሳይነሣ ይቀራል፤ አማርኛ አይጻፍም። ሰው ይህን ሲያይ አይባስን ነቅሎ ይጭናል፣ ፎንት ይቀያይራል፣ በመጨረሻም ፎርማት ያደርጋል፤ የጎደለችው ያቺ አንዲት ምልክት ናት። ያለ መግቢያ ገጽ፣ ከጽሑፍ ኮንሶል በስታርትኤክስ ትእዛዝ ለሚገቡ ደግሞ ኤክስኢኒትአርሲ በሚባለው ፋይል ነገሩ ይገለበጣል፦ የመጨረሻው መስመር ዊንዶው ማናጀሩን የሚጠራው ነው፤ እሱ ላይ «&» ከተደረገ ፋይሉ ወዲያው ያልቅና ኤክስ ተከፍቶ ይዘጋል። አይስደብሊውኤም ላይ አብሮ አስነሺው ፋይል ስታርትአፕ ይባላል፤ ፋይሉ እንዲሠራ የማስፈጸም ፈቃድ ሊሰጠው ይገባል፤ የሚነበበውም አይስደብሊውኤም-ሴሽን ተብሎ ሲጠራ እንጂ ዊንዶው ማናጀሩ ብቻውን ሲጠራ አይደለም።

አማርኛና ቁቤ በአንድ ኪቦርድ

ጅማ ያለ ጸሐፊ ጠዋት በአፋን ኦሮሞ ማመልከቻ ጽፎ ከሰዓት የአማርኛ ውል ይጽፋል። ሁለቱም ቋንቋ እኩል ካልቀለለው ማሽኑ አልተዘጋጀም ማለት ነው። ስለዚህ የምታዘጋጁት ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ ሊወሰድበት የሚገባው ይህ ክፍል ነው።

ተራው የኪቦርድ አቀማመጥ ለቁቤ ይበቃል፤ ለፊደል ግን አይበቃም። ኤክስ ውስጥ ያለው የኪቦርድ ክፍል ኤክስኬቢ አንድ ቁልፍ ሲመታ አንድ ምልክት የሚሰጥ ነው። የአማርኛ ፊደል ከነቤቶቹና ከነዲቃሎቹ ከ200 በላይ ስለሆነ ተነባቢውንና አናባቢውን ተቀብሎ አንድ ፊደል የሚያደርግ የጽሕፈት ስልት ያስፈልገዋል። ለዚህ አይባስን፣ አይባስ-ኤም17ኤንን እና ኤም17ኤን-ዲቢን ጫኑ፤ ከአይባስ ማስተካከያ ውስጥ አማርኛን፣ ከእሱም ሴራ የሚባለውን ምረጡ። ሴራ ድምፁን በላቲን ፊደል እየመታችሁ የምትጽፉበት ነው፦ ትንሹ ቲ ት፣ ትልቁ ቲ ጥ፤ ትንሹ ሲ ች፣ ትልቁ ሲ ጭ፤ ትልቁ ኤን ኝ፤ ኤክስ ሽ። ኤል፣ ትልቁ ደብሊው፣ ኤ ሲባል ሏ ይወጣል። የቃል መጨረሻ ላይ ያለ ሳድስ አናባቢ አያስፈልገውም። ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊ መጀመሪያ ላይ ይንገዳገዳል፤ የትልቅና የትንሽ ፊደሉን ልዩነት በወረቀት ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ መለጠፍ በጣም ይረዳል።

ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው መቀየሪያው ሱፐር እና ስፔስ ነው፤ ሱፐር የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ነው።

«ብራውዘሩ ላይ አማርኛ ይጽፋል፣ ሊብሬኦፊስ ላይ ግን እምቢ ይላል» የሚለው ቅሬታ በጣም የተለመደ ነው። ምክንያቱ አይባስ አይደለም። እያንዳንዱ ፕሮግራም ሲከፈት የትኛውን የጽሕፈት ስልት እንደሚጠቀም ከሦስት ተለዋዋጮች ያነባል፦ ጂቲኬ-አይኤም-ሞጁል፣ ኪውቲ-አይኤም-ሞጁል እና ኤክስሞዲፋየርስ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «አይባስ»፣ ሦስተኛው «@አይኤም=አይባስ» ተብለው በላቲን ፊደል መሞላት አለባቸው፤ ያውም ዴስክቶፑ ከመነሣቱ በፊት። ተርሚናል ውስጥ ብትሞሏቸው ከዚያ ተርሚናል ለተከፈተ ፕሮግራም ብቻ ነው የሚሠሩት። ዴቢያን ላይ አይኤም-ኮንፊግ የሚባለው መሣሪያ በአንድ ትእዛዝ ይሞላቸዋል፤ ከዚያ ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል። ያም ሆኖ ሊብሬኦፊስ እምቢ ካለ ሊብሬኦፊስ-ጂቲኬ3 የሚባለው ፓኬጅ መጫኑን አረጋግጡ። እሱ ከሌለ ሊብሬኦፊስ በአሮጌው መንገድ ይከፈታል፤ መልኩም ያረጃል፣ ጽሕፈቱም ያስቸግራል።

ቁቤ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። እንደ ፊደል የምታገለግለውን ሁድሃን ለመጻፍ ነጠላ ጭረቷን ስትመቱ ሊብሬኦፊስ የጥቅስ ምልክት ናት ብሎ ያጎብጣታል፤ እንደ ቦታዋም አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያዞራታል። በኋላ ቃሉን በፍለጋ ስትፈልጉት አይገኝም። ቱልስ ከሚለው ሜኑ ኦቶኮሬክት ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ሎካላይዝድ ኦፕሽንስ ገብታችሁ የነጠላ ጥቅሱን መተኪያ አጥፉት።

ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ከታየ የጎደለው ፎንት ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤል ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ አንዱ ይበቃል። ሰነዱ ውስጥ በትክክል ታይቶ አይ3 ባር ላይ ብቻ ሳጥን ከሆነ፣ በአይ3 ማስተካከያ ፋይል ከፎንቱ ስም በፊት «ፓንጎ፡» የሚለው በላቲን አልተጻፈም። ፖሊባር የተባለው ፓነል ደግሞ ፎንቶቹ አንድ በአንድ ካልተነገሩት በራሱ አይፈልግም። የተለየ ነገር የሚሆነው የድሮ ሰነድ ሲከፈት ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ3.0 ስሪት ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ፊደሉን በላቲን ቁጥሮች ላይ ያስቀምጡት ነበር። እንዲህ ያለው ፋይል ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይታያል። አልተበላሸም፤ ወይ የዚያን ጊዜ ፎንት ይፈልጋል፣ ወይ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት። አታጥፉት።

ኮፒ አድርጌ ነበር፣ ጠፋ

ኤክስ ላይ ኮፒ ስትሉ ጽሑፉ የትም አይቀመጥም። ፕሮግራሙ «ኮፒ የተደረገው እኔ ጋ ነው» ብሎ ያስመዘግባል እንጂ። ፔስት ሲባል ነው ጽሑፉ ከእሱ የሚጠየቀው። ስለዚህ ከአንዱ ፕሮግራም ኮፒ አድርጋችሁ እሱን ዘግታችሁ ሌላው ላይ ፔስት ብትሉ ምንም አይመጣም፤ የሚመልስ የለም። መፍትሔው ክሊፕቦርድ ማናጀር ነው፤ ኮፒኪው ወይም ፓርሴላይት። ቀደም ብለው የተገለበጡትንም ስለሚያስታውሱ ለጸሐፊ ትልቅ እፎይታ ናቸው። ከዚህ የተለየ ሁለተኛ መንገድም አለ፦ ጽሑፉን በማውስ ማጥቆርና መካከለኛውን ቁልፍ መጫን። ሁለቱ አይቀላቀሉም።

ፕሮጀክተሩ

የመመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብ ላፕቶፑ ፕሮጀክተሩን በ1024 በ768 ብቻ ያየዋል፤ ስላይዱም ይጠባል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የቪጂኤ ገመዱ ነው። ላፕቶፑ የፕሮጀክተሩን አቅም የሚያነበው በ12ኛውና በ15ኛው ፒን በኩል ነው፤ በርካሽ ወይም በተጎዳ ገመድ ላይ እነዚህ አይሠሩም፤ ሲስተሙም አስተማማኙን ዝቅተኛ መጠን ይመርጣል። ሌላ ገመድ ከሌለ በእጅ ይጨመራል። ሲቪቲ የሚለውን ትእዛዝ ከ1280፣ ከ720 እና ከ60 ጋር ጻፉ፤ «ሞድላይን» ብሎ አንድ ረጅም መስመር ይሰጣችኋል። ከዚያ ቃል በኋላ ያለውን ሁሉ ገልብጣችሁ ስክሪን ለሚያስተካክለው የኤክስራንድአር ትእዛዝ በኒውሞድ አማራጭ ስጡት፤ ቀጥሎ በአድሞድ ከቪጂኤ-1 ጋር አያይዙት፤ በመጨረሻ በአውትፑትና በሞድ ምረጡት። በ1366 በ768 ብትሞክሩ ሲቪቲ 1368 ብሎ ይመልሳል፤ ስፋቱ ለ8 የሚካፈል እንዲሆን ስለሚያደርግ ነው፤ አትደንግጡ። ይህ ሁሉ ማሽኑ ሲጠፋ ይረሳል። ዴቢያን ላይ ኤክስሴሽንአርሲ በሚባለው ፋይል ውስጥ ከተጻፈ በየመግቢያው ይደገማል። በማውስ መሥራት ለሚመርጥ አራንድአር አለ።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ አድርጉ፦ ኤክስራንድአርን ከኦቶ አማራጭ ጋር ለአንድ የቁልፍ ጥምረት ስጡት። ፕሮጀክተሩ ተነቅሎ የላፕቶፑ ስክሪን ጨለማ ሆኖ ሲቀር የሚያድነው እሱ ነው።

ይለፍ ቃሉ ትክክል፣ ግን አያስገባም

ይለፍ ቃሉን ተቀብሎ ብልጭ ብሎ መልሶ መግቢያው ገጽ ላይ የሚጥል ማሽን አይታችኋል። ሁለት ምክንያቶች በብዛት ይታያሉ። አንደኛው ዲስኩ ሞልቷል፤ ኤክስ ሲነሣ የሚጽፋትን ትንሽ ፋይል እንኳ መጻፍ አልቻለም። በኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ወጥታችሁ በዲኤፍ ትእዛዝ ቦታውን እዩ፤ ስካን የተደረጉ ትልልቅ ፋይሎችን ወደ ውጭ ዲስክ አሸጋግሩ። ሁለተኛው፣ ሆም (የተጠቃሚው የግል ፎልደር) ውስጥ ያለው ኤክስኦቶሪቲ የሚባለው ፋይል ባለቤት ሩት (የማሽኑ አስተዳዳሪ) ሆኗል፤ አንድ ሰው ስታርትኤክስን በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ አስነሥቶ ነበር ማለት ነው። በቻውን ትእዛዝ ለባለቤቱ መልሱለት። ከሁለቱም ካልሆነ ሎጉን አንብቡ፤ ኤክስ ዶት ኦርግ የሚጽፈው ሎግ ላይ ሁለት «ኢ» በቅንፍ ያለበት መስመር ስሕተት ነው፣ ሁለት «ደብሊው» ያለበት ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያዎቹን እለፏቸው፤ ብዙዎቹ ምንም አይደሉም። የፕሮግራሞቹ ስሕተት ደግሞ ሆም ውስጥ ኤክስሴሽን-ኤረርስ የሚባለው ፋይል ላይ ነው።

ክረምት ላይ ዝናቡ ሲበረታ መብራት ይመላለሳል። የሊብሬኦፊስ ራስ-ሰር ማስቀመጫ ሲጫን 10 ደቂቃ ላይ ነው፤ ወደ 2 አውርዱት። የማዘርቦርዱ ሲአር2032 ባትሪ ካለቀ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ያኔ ብራውዘሩ ድረ-ገጾችን አላምንም ይላል፣ ኤፒቲም ፓኬጅ አያወርድም። ባትሪውን ቀይሩ። ከአንድ በላይ ማሽን ያለው ቤት አንዱ ላይ ኤፒቲ-ካቸር-ኤንጂ ይጫንበት፤ ሌሎቹ በ3142 ፖርት ከእሱ ይወስዳሉ፤ አንድ ፓኬጅ በዳታ የሚወርደው አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል።

ዌይላንድ መጥቷል

እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው ዌይላንድ የኤክስን ቦታ እየያዘ ነው። በዌይላንድ የመስኮት ሰርቨሩ፣ ዊንዶው ማናጀሩና ኮምፖዚተሩ (ኤክስ ላይ የፒኮም ሥራ የነበረው) አንድ ፕሮግራም ናቸው፤ ስለዚህ ዊንዶው ማናጀሩ ወድቆ ሰነዱ የሚተርፍበት ያ የኤክስ ጥቅም ብዙ ጊዜ የለም። በሌላ በኩል አንዱ ፕሮግራም ሌላው ላይ የሚመታውን ቁልፍ መሰለል አይችልም፤ የደንበኛ የባንክ ሰነድ ለሚያልፍበት ማሽን ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግኖም 49 የኤክስ11 አማራጩን ከመጀመሪያው አጥፍቶ ወጥቷል፤ ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ 25.10ም ግኖምን በዌይላንድ ብቻ ያቀርባል።

በየትኛው እንዳላችሁ ኤክስዲጂ-ሴሽን-ታይፕ የሚባለው ተለዋዋጭ ይነግራችኋል። ዌይላንድ ላይ ከሆናችሁ ኤክስራንድአር፣ እንዲሁም መስኮቶችን በትእዛዝ የሚያዙት ኤክስዱቱልና ደብሊውኤምሲቲአርኤል የለመዳችሁትን አይሠሩም፤ የሚያዩት የኤክስ ፕሮግራሞችን ዌይላንድ ላይ በሚያስኬደው በኤክስዌይላንድ ውስጥ የተከፈቱትን መስኮቶች ብቻ ነው። እንደ ስዌይና ላብደብሊውሲ ባሉት የዌይላንድ ዊንዶው ማናጀሮች ላይ ለስክሪን ደብሊውኤልአር-ራንድአር፣ ለስክሪን ፎቶ ግሪምና ስለርፕ፣ ለኮፒ ደብሊውኤል-ክሊፕቦርድ አሉ። አማርኛ ግኖም ላይ አይባስን በራሱ ስለሚይዝ ያለ ችግር ይጻፋል፤ ላብደብሊውሲ ላይ እንደ አይባስ የሚያገለግለው ኤፍሲቲክስ5 ከኤም17ኤን ጋር የተሻለ ነው። ክሮሚየምና በእሱ ላይ የተሠሩ ፕሮግራሞች በዌይላንድ ሲከፈቱ አማርኛ ካልተቀበሉ፣ ሲጠሩ ኢኔብል-ዌይላንድ-አይኤምኢ የሚለው አማራጭ ይጨመርላቸው።

አይስደብሊውኤም ወይም ኦፕንቦክስ ላይ ደኅና የሚሠራ ማሽን ያለው ሰው ዛሬ የሚያስቸኩለው ነገር የለም። የዴቢያን 13 የረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ይዘልቃል፤ ኤክስ ዶት ኦርግም አብሮት አለ። ኦፕንቦክስ ራሱ የመጨረሻ ስሪቱን ያወጣው በ2015 ነው፤ ከዚያ ወዲህ አዲስ አልመጣለትም። ስለዚህ የኦፕንቦክስ ተጠቃሚ መለማመድ ከፈለገ መንገዱ ላብደብሊውሲ ነው። አርሲ-ኤክስኤምኤል፣ ሜኑ-ኤክስኤምኤልና ኦቶስታርት የሚባሉትን ሦስት ፋይሎች ወደ ላብደብሊውሲ ፎልደር ገልብጡና ከመግቢያው ገጽ እሱን መርጣችሁ ግቡ። ሜኑውና አብዛኛው የቁልፍ ጥምረት እንዳለ ይሠራል፤ ቲንት2 የነበረበት ቦታ ላይ ዌይባር የተባለውን ፓነል አስገቡ፤ ኦቶስታርት ፋይሉ ላይ ያሉትን የ«&» ምልክቶች ሳትነኩ አይባስ የሚለውን መስመር በኤፍሲቲክስ5 ተኩት።